የራሴ ቁስል ሳይሽር ሌላዋን መደገፍ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «29 ዓመቴ ነው። የቀድሞ ባለቤቴ ለአራት ዓመት ደብድቦኛል፤ አስገድዶ ደፍሮኛልም። ሦስት ጊዜ ጥዬው ወጥቼ ሦስቴም ተመልሻለሁ። በአራተኛው ወጣሁ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። ላለፉት 14 ወራት ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች በሚረዳ ማዕከል በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ሴቶቹን አንድ ለአንድ እያገኘሁ አዳምጣቸዋለሁ። ሥራውን ከልቤ እወደዋለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቀን የሰማሁት ነገር ማታ በሕልሜ በእኔ ላይ ይደርሳል። በቅርቡ አንዲት ልጅ ስታወራኝ እንባዬ መጣ፤ የራሴን ታሪክ ዘርዝሬ ነገርኳት። መጨረሻ ላይ እሷ እኔን ታባብለኝ ጀመር። ሌላዋ ደግሞ ወደ ባሏ ተመለሰች። በጣም ተናደድኩባት። ስትደውል ስልኩን አላነሳሁም። አስተባባሪያችን ‹አንቺ ያለፍሽበት ስለሆንሽ ከሁላችንም በላይ ይገባሻል› እያለች ከባድ ከባዱን ኬዝ ወደ እኔ ትልካለች። እናቴ ደግሞ ‹ቁስልሽን እየነካካሽ ነው፣ ተዪው› ትለኛለች። ማንን ልስማ? ራሴ ሳልድን ሌላ ሰው የመርዳት መብት አለኝ?»

ምላሽ፦ አስተባባሪሽም እናትሽም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። ሁለቱም ግን የሚያዩት ያለፈውን ነው። አንዷ «ደርሶብሻል፣ ስለዚህ ትችያለሽ» ትላለች። ሌላዋ «ደርሶብሻል፣ ስለዚህ አትችይም» ትላለች። እኔ ማወቅ የምፈልገው የዛሬውን ነው። አንዲት ሴት ፊትሽ ተቀምጣ ስታወራ አንቺ የት ነሽ? ከእሷ ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ ነሽ? ወይስ ጥለሽው ወደ ወጣሽው ቤት ተመልሰሻል? በጻፍሽው መሠረት ሰሞኑን ደጋግመሽ ወደዚያ ቤት እየተመለስሽ ነው። የምሰጥሽ ምክርም ከዚህ ይነሳል።

በቅድሚያ «መብት» የሚለውን ቃል ከመንገዳችን እናንሳው። ይህን ሥራ የጀመሩት እንደ አንቺ ያሉ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ቺዝዊክ በተባለ ሰፈር ከባሎቻቸው ዱላ ለሸሹ ሴቶች ማረፊያ ተከፈተ። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ለተደፈሩ ሴቶች የመጀመሪያዎቹ የድጋፍ ማዕከላት ተቋቋሙ። በእነዚህ ቦታዎች ስልክ ያነሱ፣ ፍራሽ ያነጠፉ፣ ሆስፒታል አብረው የሄዱ ብዙዎቹ ራሳቸው ጥቃት የደረሰባቸው ነበሩ። የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ የመጣው ኋላ ነው። ነርሷ አን በርጀስና የሶሲዮሎጂ ባለሙያዋ ሊንዳ ሆልምስትሮም ቦስተን ውስጥ 92 የተደፈሩ ሴቶችን አነጋግረው ያዩትን ምልክት ያሳተሙት በ1974 ነው። ፒቲኤስዲ የምንለው ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1980። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ባለሙያ አይደለሽም፣ ቁስለኛ ነሽ፣ ዞር በይ» ሊልሽ አይችልም። ያንን በር የከፈቱት ቁስለኞቹ ናቸው።

ሌላው የሚታረም ነገር «ሳልድን» ያልሽው ነው። መዳንን መርሳት አድርገሽ ያየሽው ይመስለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሦስት ዓመት ቀርቶ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ትዝታው ይኖራል። ዳነች የምንላት ሴት ትዝ የማይላት አይደለችም። ትዝታው ሲመጣ ትዝታ መሆኑን የምታውቅ ናት። ያማታል፣ ታዝናለች፣ ከዚያ ሻይዋን ትጨርሳለች። ገና ያልዳነው ቁስል ግን ያለፈውን እንደ አሁን ያመጣዋል። አንጎል አደጋ የሚቆጣጠርበት ክፍል ቀን አይቆጥርም። የበር መንኳኳት፣ የሽቶ ሽታ፣ ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ሲያገኝ አሁን እየሆነ ነው ብሎ ደወል ይደውላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ አንዳንዴም ሰውነት በድን ይሆናል። ይህ ደወል እየጮኸ የሌላ ሰው ታሪክ በትክክል መስማት አይቻልም። ፈቃደኝነትሽ ወይም ደግነትሽ አይለውጠውም።

አስተባባሪሽ ያለችው ውስጥ እውነት አለ። ጥቃት የደረሰባት ሴት ከሁሉ በላይ የምትፈራው አለመታመንን ነው። ቀጥሎ ደግሞ እፍረቱ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ረክሻለሁ፣ ሰው እንዴት ያየኛል የሚለው። አንቺ ቀና ብለሽ «እኔም አልፌበታለሁ» ስትያት ያ እፍረት ይሰነጠቃል። እኔ ምንም ያህል ዲግሪ ብደረድር ያንን ልሰጣት አልችልም። ደግሞም ከመጽሐፍ የማይገኙ ጥቃቅን ነገሮች ታውቂያለሽ። ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ሆድ እንዴት እንደሚንቦጫቦጭ ታውቂያለሽ። ከድብደባው በኋላ ያለው ጸጥታ ከድብደባው እንደሚከፋም። የሚጠሏቸውን ሰው መናፈቅ እንዴት እንደሚያሳፍርም። እነዚህን ሳትጠየቂ ስለምታውቂ፣ እሷ ለማስረዳት መድከም የለባትም።

ግን «ያለፈችበት ሁሉ ይገባታል» የሚለው አደገኛ አባባል ነው። አንቺ የምታውቂው የአንዲት ሴትን ታሪክ ነው፤ የራስሽን። ምሳሌ ልስጥሽ። ሲደፈሩ መጮኽና መታገል ያልቻሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የስዊድን ጥናት ስቶክሆልም በሚገኝ ክሊኒክ የታከሙ 298 ሴቶችን ጠይቆ ነበር። ከእነዚህ 70 በመቶ የሚሆኑት በጥቃቱ ወቅት ሰውነታቸው በጉልህ ደረጃ ደንዝዞ መንቀሳቀስ እንዳቃታቸው ተናግረዋል። ይህ ፈቃድ አይደለም፣ ፍርሃትን አለመቋቋምም አይደለም። ሰውነት በራሱ ጊዜ የሚወስደው እርምጃ ነው። አንቺ ታግለሽ ከሆነ ደርቃ የቀረችውን ሴት «ለምን አልጮኽሽም?» ልትያት ትችያለሽ። በቃል ባትያትም ፊትሽ ይላታል። እሷም ታነበዋለች። ያለፈችበት ሰው የምትፈርድ ከሆነ ፍርዱ ከማንም ይከብዳል። ዳኛዋ ከውስጥ የመጣች ናትና።

ወደ ባሏ የተመለሰችው ላይ የተናደድሽው እዚህ ጋ ይገባል። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም በጻፍሽው ውስጥ በጣም የከነከነኝ ይኸኛው ነው። ሴቶች በአንድ ጊዜ ቆርጠው አይወጡም። ብዙዎቹ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። ገንዘብ የለም፣ ልጅ አለ፣ ማረፊያ የለም፣ ተስፋ አለ፣ ፍቅርም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሌት አለ። መለያየት የሚጀመርበት ጊዜ ለሴቷ ሕይወት በጣም አደገኛው ጊዜ ነው። የበላይነቱ ከእጁ እየወጣ መሆኑን ሲያውቅ ጥቃቱ ሊከፋ፣ እስከ ግድያም ሊደርስ ይችላል። መመለስ ሞኝነት ሆኖ የሚታየን ውጭ ስንሆን ነው። ውስጥ ላለችው አንዳንዴ ዛሬን በሕይወት የማደሪያ መንገድ ነው። አንቺ ይህንን ታውቂዋለሽ። ሦስት ጊዜ ተመልሰሽ አይተሽዋል።

ታዲያ እያወቅሽው ለምን ተናደድሽባት? ንዴቱ ወደ እሷ የሄደ አይመስለኝም። ሦስት ጊዜ ወደተመለሰችው፣ ገና ይቅር ወዳላልሻት ወደ ራስሽ ነው የሄደው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ስልኩን ስትተዪው የተውሽው የማንን ስልክ እንደሆነ እንድታዪው ነው። ያቺ ሴት የደወለችው ምናልባት አፍራ፣ ተጨንቃ፣ ሦስት ጊዜ አስባ ነው። ማንም ካላነሳ የሚቀራት ትርጉም አንድ ነው፤ እነሱም ሰለቹኝ። አጥቂው ዓመቱን ሙሉ ሲነግራት የኖረውም ይህንኑ ነው።

አሁን በአንቺ ላይ እየሆነ ያለውን በስሙ እንጥራው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ እሰማለሁ። የመጀመሪያው መሰላቸት፣ በርንአውት የሚባለው ነው። ከሥራ ብዛትና ከድጋፍ ማነስ ይመጣል። ሰውየው ይደክማል፣ ሥራው ያስጠላዋል። እረፍት ሲያገኝ፣ ጫናው ሲቀንስ ይሻለዋል። ሁለተኛው የሌላን ሰው መከራ ደጋግሞ ከመስማት የሚመጣ ጉዳት ነው። ማካንና ፐርልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 ስም ሰጥተውታል። የሰማሽው ምስል ዓይንሽ ላይ ይቀራል። ዓለም ሁሉ አደገኛ፣ ወንድ ሁሉ አጥቂ መስሎ ይታይሻል። ይህ ምንም ያልደረሰበትን ባለሙያም ይይዛል፤ እኔንም ይዞኝ ያውቃል። ሦስተኛው የራስሽ አሮጌ ቁስል መቀስቀሱ ነው። በሕልምሽ ውስጥ የሴትየዋ ታሪክ በአንቺ ላይ ሲደርስ ማየትሽ ሁለተኛውና ሦስተኛው መደባለቃቸውን የሚጠቁም ነው። ለዚህ እረፍት ብቻ አይበቃም። ሁለት ሳምንት እረፍት ወስደሽ ብትመለሺ በሁለተኛው ቀን እዚያው ነሽ።

እዚህ ላይ ስለ ማዕከሉ ዝም ብዬ አላልፍም። አንድ የበጎ ፈቃድ ሠራተኛ ለ14 ወራት ከባድ ኬዝ እየተላከላት፣ የምትሰማውን ይዛ ወደ ማን እንደምትሄድ ሳይነገራት መሥራቷ የእሷ ድክመት አይደለም። የአሠራር ጥፋት ነው። ያለፍሽበት መሆኑ ብዙ ድጋፍ እንዲሰጥሽ ምክንያት መሆን ሲገባው ብዙ ሸክም እንዲሰጥሽ ምክንያት ሆኗል። ለነገሩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከሦስት ሴቶች አንዷ በሕይወቷ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባታል። ስለዚህ በዚያ ቢሮ ውስጥ ያለፈችበት አንቺ ብቻ ላትሆኚ ትችያለሽ። ሌሎቹ ዝም ብለው ይሆናል። ተናግረሻልና ሁሉም ነገር ወደ አንቺ ይምጣ ማለት መናገርን መቅጣት ነው።

የራስሽን ታሪክ ለልጅቷ ስለ መንገርሽ። ስህተቱ መንገርሽ አይደለም። መጠኑና ጊዜው ነው። ደጋፊ የራሷን ታሪክ ስትጠቅስ ለማን እንደምትጠቅሰው ማወቅ አለባት። ለልጅቷ ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «እኔም የሚመታ ሰው ጋ ኖሬ አውቃለሁ፤ ያልሽው አይደንቀኝም» ብሎ ወዲያው ወደ እሷ መመለስ። ዝርዝር ከተጀመረ፣ እንባ ከተጨመረ፣ ወንበሩ ተገለበጠ ማለት ነው። ልጅቷ አንቺን ማባበሏ ደግሞ አይግረምሽ። ከአጥቂ ጋር የኖረ ሰው የሌላን ሰው ፊት በማንበብና በማረጋጋት የሠለጠነ ነው። ለመትረፍ የተማረው ሙያ ነው። ስታለቅሺ አይታ ወደዚያ አሮጌ ሥራዋ ተመለሰች። ሊደገፍ የመጣ ሰው ደጋፊ ሆኖ ከሄደ የራሱን ይዞ ሄዷል ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜም «አሳዝናታለሁ» ብላ ትደብቅሻለች።

ይህንን ማቃናት ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። ልጅቷን ስታገኚያት «ባለፈው የራሴን ነገር አብዝቼ አወራሁ። ያ ጊዜ የአንቺ ነበር። እኔን የሚያዳምጥ ሰው አለኝ፣ ስለ እኔ አትጨነቂ። ያንን ስትሰሚ ሳትነግሪኝ የቀረ ነገር ካለ ዛሬ እንስማው» በያት። ብዙ ይቅርታ አታብዢ። ብዙ ይቅርታ እንደገና እንድታባብልሽ ያስገድዳታል። «የሚያዳምጠኝ ሰው አለ» የምትያት ግን እውነት መሆን አለበት። ሳይኖርሽ እንዳትያት።

አማራጮችሽን ልይልሽ። አንዱ እናትሽ እንዳለችው ሙሉ በሙሉ መተው ነው። አልመክርሽም። ከጥቃት ለወጣ ሰው የራሱን መከራ ለሌላው ጥቅም ማዋል ትልቅ የማገገሚያ ኃይል ሊሆን ይችላል። በድንገት ብትተዪው «ይኸው አልቻልኩም፣ እሱ እንዳለው ነኝ» የሚል ሐሳብ ይዞሽ ቤት ትቀመጫለሽ። ደግሞ ቁስሉ ቤትሽም ይከተልሻል። ሁለተኛው ጥርስ ነክሶ መቀጠል ነው። ይህንን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሦስተኛው በዚያው ማዕከል ሥራ መቀየር ነው። አራተኛው ሕክምና ጀምሮ፣ የሚቆጣጠርና የሚያግዝ ሰው አግኝቶ፣ ኋላ ወደ ማዳመጥ መመለስ ነው። እኔ የምልሽ ሦስተኛውና አራተኛው አንድ ላይ ይሁኑ ነው።

በዝርዝር ልንገርሽ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ለሦስት ወር ሴቶችን አንድ ለአንድ ማዳመጥ አቁሚ። ሆስፒታል፣ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት አብሮ መሄዱም ይቅር፤ እዚያም የምትሰሚው ያንኑ ነው። ውሳኔሽን ለአስተባባሪሽ በጽሑፍ ስጪ። በቃል ብቻ ከሆነ «አንዷን ብቻ እይልኝ» ይመጣል። አንቺም እምቢ ማለት ይከብድሻል። ከማዕከሉ ግን አትጥፊ። የት ምን አገልግሎት እንደሚገኝ፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ማንን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ዝርዝር አዘጋጂ። አዲስ የሚገቡ በጎ ፈቃደኞች ሴቶቹን የሚጠይቁበት ቅጽ ላይ ያለውን ቋንቋ አርሚ። «ለምን አልተናገርሽም?» ዓይነት ጥያቄ በየቅጹ ተሰግስጎ ይገኛል፤ ያለፈበት ሰው ዓይን ቶሎ ያየዋል። ይህ ትንሽ ሥራ እንዳይመስልሽ።

በዚህ ጊዜ ለራስሽ ሕክምና ጀምሪ። ጓደኛ ጋ ማውራት ጥሩ ነው፤ ሕክምናን ግን አይተካም። በትራውማ፣ ማለትም አሰቃቂ ክስተት ጥሎ የሚያልፈውን ቁስል በማከም፣ የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጊ። ለፒቲኤስዲ ከተፈተኑት መንገዶች ሁለቱ ትራውማ ላይ ያተኮረው ሲቢቲ (ሐሳብንና ባህሪን በመለወጥ የሚያክም የንግግር ሕክምና) እና ኢኤምዲአር (ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምና) የሚባሉት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ባወጣው መመሪያ ሁለቱንም መክሯል። ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ ይወስዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕልሙ ሊብስ ይችላል። ደንግጠሽ እንዳታቋርጪ፤ ለባለሙያው ንገሪው። የእንቅልፍ ኪኒን በራስሽ ገዝተሽ አትዋጪ። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ለዚህ ሕመም አይመከሩም፤ ሱስ ያሲዛሉ፣ ቁስሉንም አያክሙትም። አልኮልም እንደዚያው። እና አንድ ጥብቅ ነገር፦ ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ፣ ወይም ካንቺ ጋር የሚያድር ሰው ጥሪ። ሌላውን የምትደግፍ ሴት ለራሷ ይህንን ለመናገር ከማንም በላይ ታፍራለች። ስላየሁት ነው የምልሽ።

ከሦስት ወር በኋላ መመለስሽን የሚወስነው የቀን ቁጥር አይደለም። አብዛኛውን ሌሊት ተኝተሽ ታድሪያለሽ? የራስሽን ታሪክ ጀምረሽ ስትጨርሺ ዛሬ ላይ ነሽ? የተመለሰችውን ሴት ስታስቢ ከንዴት ይልቅ ስጋት ይሰማሻል? መልሱ አዎ ከሆነ ቀስ ብለሽ ተመለሺ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የአንቺን ታሪክ በጣም የሚመስል ኬዝ አትውሰጂ። በሳምንት የምታዪያቸውን ሴቶች ቁጥር ከአስተባባሪሽ ጋር አስቀድማችሁ ወስኑ። በየሁለት ሳምንቱ ኬዞቹን ይዘሽ የምትቀመጪው ሱፐርቫይዘር ይኑርሽ። ይህ ሰው የራስሽ ካውንስለር መሆን የለበትም፤ አንዱ ስለ ሥራሽ፣ ሌላው ስለ አንቺ። ማዕከሉ ሱፐርቪዥን አንሰጥም ካለ ወደ አንድ ለአንድ ሥራ አትመለሺ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ስትመለሺም ድርሻሽ ወሰን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ለጤና ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ድጋፍ አምስት ነገር አስቀምጧል። ማዳመጥ፣ የሚያስፈልጋትን መጠየቅ፣ ማመንና ማጽናናት፣ ደኅንነቷን አብሮ ማቀድ፣ ከአገልግሎት ጋር ማገናኘት። ከዚህ ውስጥ «ሁሉንም ዘርዝረሽ ንገሪኝ» የሚል የለም። ገና የደረሰባትን ሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስወራት ቀለል ያደርግላታል ብለው የሚያስቡ አሉ። አያደርግም። የፈለገችውን ያህል ታውራ፣ በፈለገችበት ታቁም። ጥሎ መውጣትም ሆነ መቆየት የእሷ ውሳኔ ነው። «ውጪ» ማለት ደግነት ይመስላል። ነገር ግን በሕይወቷ ላይ ሌላ ሰው እንዲያዝዝ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ገና መውጣቷ ነው። ሚስጥር ስትጠብቂም ከመጀመሪያው ወሰኑን ንገሪያት። የሰው ሕይወት ወይም ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነ ለብቻሽ ይዘሽ እንደማትቀመጪ ቀድማ ትወቀው። ያለዚያ ሁለተኛ ክህደት ይሆንባታል።

ማዳመጥ ብቻ የማይበቃበት ጊዜም አለ። በቅርብ የተደፈረች ሴት ካጋጠመችሽ ሰዓቱ ይቆጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ሊወሰድ ይችላል፤ እሱም ቢፈጥን ይሻላል። አብሯት አልቅሶ፣ አቅፎ፣ ነገ ነይ ብሎ የሸኘ ደጋፊ በደግነቱ ጎድቷታል። ሌላው አንገቷን ማነቁን ከነገረችሽ ነው። ብዙ ሴቶች «ያዘኝ እንጂ አልመታኝም» ብለው ያልፉታል። አንገት ላይ ምንም ምልክት ባይኖርም በውስጥ ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ያያት። ደግሞም አንዴ ያነቀ ሰው ኋላ የመግደሉ ዕድል ብዙ እጥፍ እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። ይህንን ለሱፐርቫይዘርሽ በዚያው ቀን ንገሪ። ጥቃቱ የደረሰበት ወንድ ቢሆንም እንዲሁ ነው፤ ወንዶችም ይመጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው።

አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። አንድ ቀን ታሪክሽን በመድረክ ወይም በቪዲዮ እንድትናገሪ መጠየቅሽ አይቀርም። በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ ከሆነ እምቢ በይ። ኋላም ቢሆን ምን እንደምትናገሪ፣ ፊትሽ ይታይ አይታይ፣ የት እንደሚወጣ አንቺ ወስኚ። አንዴ ከተለቀቀ መመለሻ የለውም። የቀድሞ ባልሽም ሊያየው እንደሚችል አስቢና፣ የምትኖሪበትን ወይም የምትሠሪበትን የሚጠቁም ነገር አይግባበት።

እናትሽን «አትግቢበት» አትበያት። የፈራችው አንቺን ማጣት ነው፤ አንዴ ልታጣሽ ነበርና። ለሦስት ወር ማቆምሽን፣ ሕክምና መጀመርሽን ንገሪያት። ለምን ኋላ መመለስ እንደፈለግሽም ንገሪያት። የሰማሻቸውን ታሪኮች ግን ለእሷ አትንገሪ። የሴቶቹ ሚስጥር ነው፤ እሷም የምትሸከምበት አቅም ላይኖራት ይችላል።

ከማቆምሽ በፊት የያዝሻቸውን ሴቶች ዝም ብለሽ አትጥፊባቸው። እያንዳንዳቸውን በአካል ወይም በስልክ ተሰናበቺ፤ የምትተካሽንም በስሟ አስተዋውቂ። «ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ልሆን ነው፤ ባንቺ ምክንያት አይደለም» ማለት ይበቃል።

ወደ ባሏ የተመለሰችውን ግን በቅድሚያ። ዝም ብለሽ መልእክት አትላኪላት። ስልኩ በማን እጅ እንዳለ አታውቂም፤ አንድ የማዕከሉ ስም ያለበት ጽሑፍ ሊያስደበድባት ይችላል። ድሮ የተስማማችሁበት ሰላማዊ ሰዓት ወይም ምልክት ካለ በዚያ ተጠቀሚ። ከሌለ እስክትደውል ጠብቂ፤ ስልኩን የምታነሳው ባልደረባሽም አስቀድማ ትወቅ። ስትደውል ለምን እንደተመለሰች አትጠየቅ። «ድምፅሽን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። አሁን ብቻሽን ነሽ? መናገር ትችያለሽ?» ተብሎ ይጀመር። ያላነሳሽበትን ቀን ካነሳችም «ማንሳት ነበረብኝ፣ አላነሳሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» በያት። ከዚያ እሷ ታውራ።